ቤት ጋቢ ሲደርብ፦ እውነት ወይስ ተረት?

ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። የቤቱ እመቤት ማጨሻውን ከረከቦቱ ጎን አንስታ የመስኮቱ ደፍ ላይ ስታስቀምጠው፣ ቀጥ ብሎ ይወጣ የነበረው የዕጣን ጭስ ሰው እፍ እንዳለበት ወደ ክፍሉ ጎበጠ። መስኮቱ ዝግ ነው። ወሩ ጥር፣ ከተማው ሮተርዳም፣ ቤቱ በ1960ዎቹ በረድፍ ከተሠሩት የኪራይ ቤቶች አንዱ ነው። ከእንግዶቹ ካፖርቱን ያወለቀ የለም።

ጠረጴዛው ላይ ከአከራዩ ማኅበር የመጣ ደብዳቤ ተዘርግቷል። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ የረድፉ ቤቶች በሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ተሠርተው በሚመጡ የግድግዳና የጣሪያ ፓነሎች ከውጭ ይለብሳሉ፤ ጋዝ ይቋረጣል፤ ተከራዮች በሥራው ጊዜ ቤታቸውን መልቀቅ አያስፈልጋቸውም። ስኒው ሳይቀዘቅዝ አስተያየቱ ጎረፈ። አንደኛዋ «ቀባብተው ኪራይ ሊጨምሩብን ነው» አለች። አዲስ አበባ ሳለ በግንባታ የሠራ ጎልማሳ «ተገጣጣሚ ነገር መቼ ዕድሜ ኖሮት ያውቃል?» ሲል ጠየቀ። ለንደን ዘመድ ያላት ሴት «ግሬንፌልን ረሳችሁት እንዴ?» ስትል ቤቱ ጸጥ አለ። ዝምታውን የሰበሩት አንዲት እናት ናቸው፦ «ልጆቼ፣ ቤት እንዲህ ተጠቅልሎ ሰው በምን ይተነፍሳል?»

ከእነዚህ ንግግሮች ከሜዳ የተነሳ የለም። እያንዳንዱ የእውነት ፍሬ አለው፤ የሚያስቸግረው አብሮ የመጣው ገለባ ነው። ስለዚህ በየቦታው ከሚሰሙት ሌሎች ጋር አንድ በአንድ እናበጥራቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከየት መጣ?

በአውሮፓ ኅብረት ከሚፈጀው ኃይል 40 በመቶ ያህሉን የሚበሉት ሕንፃዎች ናቸው። ዛሬ ከቆሙት አብዛኞቹ በ2050ም ቆመው ይገኛሉ፤ አፍርሶ አዲስ መሥራት መፍትሔ አይሆንም። የኅብረቱ ኮሚሽን በ2020 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2030 ድረስ 35 ሚሊዮን ሕንፃዎች እንዲታደሱ ፈለገ። በዚያን ጊዜ ኃይል ለመቆጠብ ተብሎ በዓመት የሚታደሰው ግን 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በየቤቱ ስካፎልዲንግ አቁሞ፣ ዝናብ እስኪያባራ ጠብቆ፣ በእጅ እየለጠፉ መሥራት ይህን ሁሉ አያዳርስም፤ ሠራተኛውም አይበቃም።

ኔዘርላንድስ ውስጥ በ2010 ገደማ በመንግሥት ገንዘብ የተጀመረ ኤነርጂስፕሮንግ የተባለ ፕሮግራም ሌላ መንገድ ሞከረ። ሐሳቡ ከልብስ ሰፊ ሱቅ የተቀዳ ይመስላል፦ የቤቱን ልክ ውሰድ፣ ልብሱን ፋብሪካ ውስጥ ስፋ፣ አምጥተህ አልብስ። ሐሳቡ ወደ ፈረንሳይ፣ በ2017 ወደ እንግሊዟ ኖቲንግሃም፣ ቀጥሎም ወደ ጀርመን ተሻገረ። ሃመልን በተባለች የጀርመን ከተማ 12 መኖሪያዎች ያሉት የ1930ዎቹ ሕንፃ በዚሁ መንገድ ታድሷል። አሁን ወደ ሐሜቱ እንመለስ።

1. «ቀለም መቀባት ነው፤ ለዓይን ያህል የሚደረግ ጌጥ»

ፍርዱ፦ ተረት።

ፓነሉን ከጎኑ ሰንጥቀን ብናየው ብዙ ድርብ አለው። ከአሮጌው ግድግዳ ጋር የሚገናኘው ለስላሳ ንጣፍ ነው፤ የድሮው ግንብ ሲጎብጥም ሲገባም እየተከተለ ክፍተቱን ይሞላል። ቀጥሎ ከእንጨት የተሠራ ክፈፍ ይመጣል። በክፈፉ ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከድንጋይ የተፈተለ ሱፍ ወይም ከወረቀት የተሠራ ሙሌት ታጭቋል። ከዚያ ነፋስና ዝናብ የሚመልስ ሽፋን፣ ውኃ የሚደርቅበት ቀጭን የአየር ክፍተት፣ በመጨረሻ ከመንገድ የሚታየው ፊት። ኔዘርላንድስ ውስጥ ይህ ፊት ብዙውን ጊዜ ከጡብ የተቀረፈ ስስ ንጣፍ ስለሆነ፣ መንገደኛ አይቶ «አዲስ የጡብ ቤት» ብሎ ያልፋል። ባለ ሦስት መስታወት መስኮቱም ፋብሪካው ውስጥ ተገጥሞ ነው የሚመጣው።

ይህን ከጋቢ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም። ጋቢ የሚያሞቀው ጥጡ የራሱ ሙቀት ስላለው አይደለም፤ በአራቱ ድርብ መካከል አየር አስሮ ስለሚይዝ ነው። የፓነሉ ሱፍም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። የሙቀት መከላከያ የሌለው የ1960ዎቹ ግድግዳ በውስጥና በውጭ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት በካሬ ሜትር 1.7 ዋት ገደማ ያፈሳል። 50 ካሬ ሜትር ግድግዳ ያለው ቤት፣ ውስጡ 20 ዲግሪ ሆኖ ውጭው ዜሮ ሲሆን፣ 1 ሺህ 700 ዋት በግድግዳው በኩል ብቻ ይወጣበታል። የእንጀራ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ያህል ይፈልጋል ብንል፣ ግማሽ ምጣድ ቀን ከሌት ጥዶ መንገዱን እንደማሞቅ ነው። ፓነሉ ከለበሰ በኋላ ፍሳሹ ወደ 150 ዋት ይወርዳል፤ ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖሎች እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ጋቢ የለበሰ ሰው አንገቱን ክፍት ቢተው ብርዱ በዚያው ይገባል። በረንዳው ከቤቱ ወለል ጋር በአንድ ኮንክሪት የተዘረጋ ከሆነ፣ ብርዱ በዚያ ድልድይ ተሻግሮ ሳሎን ይገባል። የፓነሉና የጣሪያው መገናኛ፣ የመስኮቱ ጠርዝ፣ መሠረቱ አጠገብ ያለው መስመርም እንደዚሁ ናቸው። ባለሙያዎች ስለ ፓነሉ መሐል ሳይሆን ስለ ጠርዙ የሚጨቃጨቁት በዚህ ምክንያት ነው። ቤቱን የሚያድሰው የጠርዝ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የዚህ ጽሑፍ ነገርም በየጥያቄው ወደዚያው እየተመለሰ ይመጣል።

2. «ተገጣጣሚ ነገር ዕድሜ የለውም»

ፍርዱ፦ ተረት፤ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለው።

ለእኛ «ተገጣጣሚ» ሲባል ቶሎ የሚመጣብን የሥራ ቦታ ቢሮ ወይም ኮንቴይነር ነው፦ ነገ ተነቅሎ የሚሄድ። ይሁንና በደርግ ዘመን ከዩጎዝላቪያ በመጣ ቴክኖሎጂ አዲስ አበባ ላይ የተገጣጠሙ የኮንክሪት ሕንፃዎች አሁንም ሰው ይኖርባቸዋል። በዚያው ዘመን ምሥራቅ ጀርመን ከተማሩ ወገኖቻችን አንዳንዶቹም ያደሩት በተገጣጣሚ የኮንክሪት ሕንፃ ውስጥ ነው። ስዊድን ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን መኖሪያ ስትሠራ ከፊሎቹን ያቆመችው በፋብሪካ በተሠራ ኮንክሪት ነው። ስቶክሆልም ዳር ሁስቢና ቴንስታ የሚኖሩ የአፍሪካ ቀንድ ሰዎች ያንን ሕንፃ ውስጡን ያውቁታል። ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎት ቆሟል። አሁን የሚታደሰው ሙቀት ስለሚያፈስስ እንጂ ሊወድቅ ስለሆነ አይደለም።

ፋብሪካ ለሥራ የሚመች ቦታ ነው። መስኮት በስካፎልዲንግ ላይ ቆሞ፣ ጣት ደንዝዞ፣ ዝናብ እየወረደ ከመግጠም ይልቅ ደረቅ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ መግጠም ይሻላል። እንጨቱን የሚቆርጠው ኮምፒውተር የሚመራው መጋዝ ስለሆነ ስህተቱ በሚሊ ሜትር ይቆጠራል።

ማስጠንቀቂያው ልኩ ላይ ነው። አሮጌ ቤት ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ አይደለም። በአንድ ረድፍ ያሉ መንታ የሚመስሉ ቤቶች በጨረር ሲለኩ የአንዱ ግድግዳ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ገፍቶ፣ የሌላው መስኮት ዝቅ ብሎ ይገኛል። በ1960ዎቹ ፕላን ተማምኖ የተሰፋ ልብስ ትከሻ ላይ አይገባም። እዚህ ላይ የፋብሪካው ጥንካሬ ድክመቱም ይሆናል፦ አናጢ አንድ መስኮት ቢያበላሽ አንድ መስኮት ነው፤ ሥዕሉ ላይ የገባ ስህተት ግን በመቶ ቤት ይባዛል።

3. «በሳምንት ያልቃል»

ፍርዱ፦ ግማሽ እውነት።

የሚታየው ክፍል በእውነት ፈጣን ነው። ጠዋት ክሬኑ መንገዱ ላይ ይቆማል። ፓነሉ ከጭነት መኪናው ሲነሳ መስኮቱ መስታወቱን እንደያዘ በአየር ላይ ይዞራል፤ ቁመቱ የአንድ ፎቅ ያህል፣ ርዝመቱ መኪናው እስከቻለው ነው። ሁለት ሠራተኞች ከታች በገመድ ይመሩታል፣ ሁለቱ ከላይ ግድግዳው ላይ አስቀድሞ ከታሰረው ብረት ጋር ያያይዙታል። የድሮው መስኮት ከውስጥ በኩል ይነቀላል፣ አዲሱ ከውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ማታ ቤተሰቡ በአዲስ መስኮት መጋረጃ ይጋርዳል።

ግራትስ በተባለችው የኦስትሪያ ከተማ ዲዝልቬግ የሚባል ሰፈር ከ2008 ጀምሮ 204 መኖሪያዎች ነዋሪዎቻቸው ሳይወጡ እንዲህ ታድሰዋል። የፓነሉ ፊት መስታወት ነው፤ ከኋላው የንብ ቀፎ የመሰለ ካርቶን አለ። ዝቅ ብላ የምትመጣው የክረምት ፀሐይ ካርቶኑ ውስጥ ዘልቃ ትገባለች፣ ግድግዳውንም ለብ ታደርገዋለች፤ አናት ላይ የምትቆመውን የበጋ ፀሐይ ግን ቀፎው ራሱ ይጋርዳል። ለማሞቂያ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ አሥረኛ እጅ ገደማ ወርዷል።

ከክሬኑ በፊት ያሉት ወራት ግን በማስታወቂያ ሥዕል ላይ አይታዩም። ልክ መውሰድ፣ ንድፍ፣ ፈቃድ፣ የተከራዮች ስብሰባ አለ። የዚያ ዘመን ቤት አስቤስቶስ ካለው መጀመሪያ በልዩ ባለሙያ መነሳት አለበት። ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ ሌላ ባለጉዳይ ይመጣል፦ የሌሊት ወፍ። በግድግዳ ክፍተት ውስጥ የምትኖረው የሌሊት ወፍ በሕግ የተጠበቀች ስለሆነች፣ መኖር አለመኖሯ ሳይጣራ ግድግዳውን መድፈን ያስቀጣል፤ ማጣራቱም ወቅቷን ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ዘሎ ክሬን የጠራ ኮንትራክተር፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ፓነሉን መልሶ ሲነቅል ይገኛል።

4. «እንደ ግሬንፌል ይነድዳል»

ፍርዱ፦ ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ተረት።

ይህን በችኮላ ማለፍ ነውር ነው። ሰኔ 14 ቀን 2017 ሌሊት ምዕራብ ለንደን ባለ 24 ፎቁ የግሬንፌል ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ነበሩ። ሕንፃው ቃጠሎው ከመድረሱ ከአንድ ዓመት በፊት ነበር ከውጭ ለብሶ የታደሰው። ስለዚህ ዛሬ «ቤታችሁን ከውጭ እናለብሳለን» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ የሚደነግጥ ሰው አላዋቂ አይደለም።

ያንን ሌሊት እሳቱን ከታች ወደ ላይ ያሮጠው ምንድነው? የመንግሥት አጣሪ ጉባኤ በ2019 ያወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ዋናውን ምክንያት በስሙ ጠርቶታል፦ የውጭ ልባሱ። ልባሱ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ገጾች ያሉት ሲሆን በመካከላቸው ያለው ፖሊኢቲሊን የተባለ ፕላስቲክ ነበር። ፕላስቲኩ ሲቀልጥ እየነደደ ይንጠባጠባል። ከጀርባው ያለው መከላከያም በአብዛኛው የሚቃጠል ፎም ነበር። በልባሱና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት እንደ ጭስ ማውጫ ሠራ፤ እሳቱን መዝጋት የነበረባቸው ማገጃዎችም በትክክል አልተገጠሙም። በ2024 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ከዕቃው አልፎ ሰዎቹን ጠየቀ፦ ለዓመታት ማስጠንቀቂያ ችላ ያለ መንግሥት፣ ስለ ዕቃቸው ገበያውን ያታለሉ አምራቾች።

እንግዲህ ጥፋቱ በሁለት ነገር ላይ ነው፦ የዕቃው ልብ ምንድነው፣ ክፍተቱስ ተዘግቷል ወይ። ልባሱ ፋብሪካ ውስጥ ተገጣጥሞ መምጣቱ ወይም ወፍራም መሆኑ በራሱ አያነድድም፤ የድንጋይ ሱፍ እሳት ቢነካው አይያያዝም። ይህ ማለት ግን የዛሬው ፓነል በስሙ ብቻ ነፃ ይለቀቃል ማለት አይደለም። ክፈፉ እንጨት ነው፣ ከፊቱ ኋላ የአየር ክፍተት አለው። በየፎቁ መገናኛ ላይ ማገጃ ካልገባበት ያ ክፍተት ለእሳት መሰላል ነው። እንግሊዝ ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ ከ18 ሜትር በላይ በሆኑ መኖሪያ ሕንፃዎች ውጫዊ ግድግዳ ላይ የሚቃጠል ዕቃን ከልክላለች፤ በዚህ ከፍታ የእንጨት ክፈፍ ያለው ፓነልም አያልፍም። ሁለት ፎቅ ያለው የሮተርዳም ቤትና ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ አንድ ጥያቄ አይጠየቁም።

ነገሩ ለንደን ላይ አይቆምም። ዱባይ የሚኖሩ ወገኖቻችን በ2015 የመጨረሻ ሌሊት ዳውንታውን ላይ የነደደውን ሆቴል፣ በ2015 እና በ2017 ሁለት ጊዜ የተቃጠለውን የቶርች ሕንፃ ያስታውሳሉ፤ በእነዚያም እሳቱ የወጣው በውጭ ልባሱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይም የአሉሚኒየም ልባስ ሕንፃ ማሳመሪያ ከሆነ ሰንብቷል። ዋጋውንና ቀለሙን የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ግን መሐሉ ምን እንደሆነ ነው።

5. «ግድግዳ መተንፈስ አለበት፤ ታፍነን እንሻግታለን»

ፍርዱ፦ ተረት፤ እናትየው የፈሩት ነገር ግን አለ።

ይህ ተረት ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ትልቅ ሳይንቲስት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሙኒኩ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር የክፍል አየር የሚታደሰው በግድግዳው ቀዳዳዎች በኩል ጭምር ነው ብሎ አስተማረ። በጡብ በኩል እፍ ብሎ በማዶ ያለ ሻማ አጥፍቶ አሳይቷል ይባላል። ጡብ ብቻውን አየር ማሳለፉ ልክ ነው። ነገር ግን የተለሰነና የተቀባ የቤት ግድግዳ፣ በተለመደ ነፋስ፣ የሚያሳልፈው አየር ኢምንት እንደሆነ ኋላ የተደረጉ ልኬቶች አሳዩ። አሮጌ ቤት «የሚተነፍሰው» በግድግዳው ሳይሆን በተሰነጠቀው የመስኮት ጠርዝና በበሩ ሥር ነው። ያ የዕጣን ጭስ የጎበጠው እዚያው ነው።

ሻጋታስ? ሻጋታ የሚወደው ቀዝቃዛ ገጽ ነው። አራት ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ በእስትንፋስ፣ በማብሰል፣ ገላ በመታጠብና ልብስ በማድረቅ በቀን እስከ 10 ሊትር ውኃ ወደ አየሩ ይለቃል። የእኛ ቤት ደግሞ አክምባሎው በተነሳ ቁጥር የሚግተለተለው እንፋሎት አለው፤ ሠላሳ እንጀራ የጋገረች ሴት የወጥ ቤቱ መስኮት ሲያለቅስ አይታለች። እንፋሎቱ የሚፈልገው የሚያርፍበት ብርድ ግድግዳ ነው፤ ከቁም ሳጥን ኋላ፣ ከማዕዘኑ፣ ከአልጋው ራስጌ። ፓነሉ ግድግዳውን ከውጭ ሲያሞቀው ውስጠኛው ገጽ ለብ ይላል፤ እንፋሎቱም ማረፊያ ያጣል። ስለዚህ በደንብ የለበሰ ቤት ከአሮጌው ይልቅ ለሻጋታ አይመችም።

በዚህ መሐል አንድ «ነገር ግን» አለ፤ ችላ ያለው ሰው እናትየውን ትክክለኛ ያደርጋቸዋል። ስንጥቁ ሲደፈን ቤቱ ሳያስበው ያገኝ የነበረው ነፋስ ይቀራል። በምትኩ ማሽን ይገባል፦ ያደፈውን አየር ያወጣል፣ ንጹሑን ያስገባል፣ በመንገድ ላይ የሚወጣው ሙቀት ለሚገባው ይተላለፋል። ጥሩው ማሽን ከሙቀቱ 80 በመቶውንና ከዚያ በላይ ይመልሳል። ተከራይ ድምፁ አላስተኛ ብሎት ቢያጠፋው፣ ወይም ብርድ ያስገባል ብሎ ቀዳዳውን በጨርቅ ቢወትፈው፣ ሻጋታው በወራት ውስጥ ይመጣል። ድምፁ የሚያሳስብ ቅሬታ ነው፤ መፍትሔውም ጨርቅ ሳይሆን ማሽኑ ከመኝታ ክፍል ርቆ እንዲቀመጥ ከመገጠሙ በፊት መጠየቅ ነው። ማጣሪያውም በጊዜው ይቀየር፤ በየሳምንቱ ዕጣን የሚጨስበት ቤት ደግሞ ከሌላው ቀድሞ ይቆሽሻል።

6. «ከእንግዲህ የኃይል ሒሳብ ዜሮ ነው»

ፍርዱ፦ በዓመት ሒሳብ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በየወሩ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የኔዘርላንድሱ ፕሮግራም መፈክር «ቆጣሪው ላይ ዜሮ» ነበር። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ጣሪያው ላይ ያለው የፀሐይ ፓነል በዓመት የሚያመነጨው፣ ቤቱ በዓመት ከሚፈልገው ጋር ይተካከላል። በበጋ ይተርፋል፣ ወደ ኤሌክትሪክ መስመሩ ይላካል። በጥር ጨለማ ግን በጋዙ ምትክ ቤቱን የሚያሞቀው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሂት ፓምፕ ከመስመሩ ይስባል። ይህ ሒሳብ የሠራው በበጋ የላኩት በክረምት ከወሰዱት ላይ እኩል ስለሚቀነስ ነበር፤ ያ አሠራር በሕግ ከጥር 1 ቀን 2027 ጀምሮ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የፀሐይዋ ትርፍ ወደ መስመሩ ከሚላክ ይልቅ ቤት ውስጥ ወዲያው ሲበላ ነው የሚጠቅመው።

ሌላም ነገር አለ፣ እርሱ ደግሞ ስለ ሰው ነው። በጀርመን ቤቶች ላይ ተሠርቶ በ2012 የወጣ ጥናት ነዋሪዎች የሚያቃጥሉት በስሌት ከሚጠበቀው በአማካይ 30 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱን ለመገመት ያንን የቡና ሳሎን ማየት ይበቃል። በሚያፈስስ ቤት የሚኖር ሰው ሦስቱን ክፍል ዘግቶ አንዱን ያሞቃል፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ይቀመጣል። ቤቱ ሲታደስ ያልተቃጠለ ጋዝ መቆጠብ አይቻልም። የሚያገኘው ትርፍ በከፊል ገንዘብ ነው፣ በከፊል ደግሞ አራቱም ክፍል የሚኖርበት ቤት። ሁለተኛው በደረሰኝ ላይ አይታይም፤ ልጅ ያሳደገበት ግን ያውቀዋል።

7. «ወጪው ተከራዩ ትከሻ ላይ ይወድቃል»

ፍርዱ፦ እንደ አገሩ ሕግና እንደ ውሉ።

ሥራው ርካሽ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ናሙና ቤቶች እያንዳንዳቸው ከ100 ሺህ ዩሮ በላይ ፈጅተዋል፤ ሥራው ሲለመድ ዋጋው ወርዷል። በ2013 ስድስት የቤቶች ማኅበራትና አራት ግንበኛ ኩባንያዎች 111 ሺህ ቤት ለማደስ ተስማምተው ነበር። በኔዘርላንድስ የታደሰው ግን በሺዎች ተቆጥሮ ቀረ። ፋብሪካ የሚረክሰው ብዙ ሲያመርት ነው፤ ብዙ የሚታዘዘው ደግሞ ሲረክስ ነው። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ብዙ ዓመት ሄደ። ጀርመን ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ከ2023 ጀምሮ በፋብሪካ ለሚታደሱ ሕንፃዎች ተጨማሪ 15 በመቶ ድጎማ ፈቀደች።

ተከራዩስ? ኔዘርላንድስ ውስጥ ከመስከረም 2016 ጀምሮ ያለው ሕግ አከራዩ ቤቱን በራሱ ኃይል እንዲኖር አድርጎ ካደሰው፣ ተከራዩ ለኃይል ኩባንያ ይከፍል ከነበረው የተወሰነውን ለአከራዩ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ሐሳቡ ድምሩ እንዳይጨምር ነው፤ ስለዚህ ኪራዩን ብቻ ሳይሆን ኪራይና ኃይሉን ደምሮ ማየት ያስፈልጋል። 10 እና ከዚያ በላይ ቤቶች በአንድ ላይ ሲታደሱ 70 በመቶው ተከራይ ከተስማማ ሐሳቡ ተገቢ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ያልተስማማው በ8 ሳምንት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ጀርመን ውስጥ አከራዩ ለማሻሻያው ካወጣው 8 በመቶውን በዓመታዊ ኪራይ ላይ ሊጨምር ይችላል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ግን በካሬ ሜትር በወር ከ3 ዩሮ በላይ መጨመር አይፈቀድለትም። ከመንግሥት ያገኘው ድጎማም ከሒሳቡ መቀነስ አለበት። ይህን የማያውቅ ተከራይ ከሚገባው በላይ ሊከፍል ይችላል።

ብልህ የዓመቱን፣ ሞኝ የዕለቱን ይባል የለ? ደብዳቤው ላይ የተጻፈው የወሩ ጭማሪ ብቻ ከሆነ፣ የዓመቱን ድምር በቁጥር ጽፈው እንዲያመጡ መጠየቅ መብት ነው።

8. «አዲስ አበባም ይህን ትስፋ»

ፍርዱ፦ እንዳለ ከተወሰደ ተረት።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ብርዱ የሌሊት ነው፤ ቤቷም በአብዛኛው ማሞቂያ የለውም፤ ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከውኃ ይመነጫል። ያልተቃጠለ ነዳጅ ለመቆጠብ 20 ሴንቲ ሜትር ሱፍ መደረብ ገንዘብ ማባከን ነው። እዚያ የሚያስቸግረው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው የመስታወት ሕንፃ ነው፤ መድኃኒቱም ጥላ ነው፣ ከመስኮቱ ውጭ የሚወጣ ጥላ። ለመውሰድ የሚገባው ትምህርት ሌላ ነው፦ ሳይለኩ አለመቁረጥ፣ ጠርዙን አለመናቅ፣ ከማልበስ በፊት ዕቃውን መመርመር።

ወደ ስብሰባው ሲሄዱ

ለሮተርዳሟ እመቤት የጻፍኩላት ዝርዝር አጭር ነው።

ቤቴ በጨረር ተለክቷል ወይስ በድሮው ፕላን ነው የሚሠራው?

የፓነሉ ሙሌት ምንድነው፣ በፎቆቹ መገናኛስ እሳት ማገጃ አለው?

አየር ማናፈሻው የት ይቀመጣል፣ ማጣሪያውን የሚቀይረው ማነው?

ኪራይና ኃይል ተደምሮ በዓመት ስንት ይሆናል?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፦ ሥራው ሲያልቅ የአየር ፍሳሹ ይለካል፣ ውጤቱስ ለእኔ ይሰጠኛል? መለኪያው ቀላል ነው። በሩ ላይ ትልቅ ቬንትሌተር ይገጠማል፣ በውስጥና በውጭ መካከል 50 ፓስካል የግፊት ልዩነት ይፈጠራል፣ ቤቱም የት የት እንደሚያፈስ ራሱ ይናገራል። ባለሙያው ጭስ የሚያወጣ ትንሽ ዕቃ ይዞ በየመስኮቱ ጠርዝና በየማዕዘኑ ይዞራል፤ ጭሱ ያዘነበለበት ቦታ ገና ሥራ አለው።

እመቤቲቱ ዝርዝሩን አንብባ ሳቀች። «ይህን እኔም እሠራዋለሁ» አለችና ማጨሻውን አሳየችኝ። ትክክል ነች። ፓነሉ ተሰቅሎ፣ ክሬኑ ሄዶ፣ ሥራው አለቀ በተባለ ማግስት ቡና ታፈላለች። አቦል ሲወርድ ማጨሻውን እዚያው የመስኮት ደፍ ላይ ታስቀምጣለች። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ትፈርማለች፤ ከጎበጠ ሠራተኞቹን መልሳ ትጠራለች።